የእትዬ ምላስና የፈረንሳይ ስሞች

ማንበብ የተማርኩት ካርባ ዓመቴ በኋላ ነው። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ የሚያዝንልኝ ሰው አልወድም። የምለው ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ስገፋ የመንገደኛውን ስም ራሴ ማንበብ ስለማልችል፣ በአፉ የሚነግረኝ ሰው ያስፈልገኝ ስለነበር ነው። የሚነግሩኝ እትዬ ነበሩ።

እትዬ ሐበሻ አይደሉም። ነጭ አሜሪካዊት ናቸው፤ ስልሳን ያለፉ፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጉልበታቸው ሲደክም ወደ እኛ ሥራ የመጡ። «እትዬ» ያልናቸው እኛ ነን። ዊልቸር ከምንገፋው ግማሹ ሐበሻ ነው፤ እናት የምታህልን ሴት በባዶ ስሟ መጥራት ምላሳችን እምቢ አለን። አንድ ቀን «ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። «ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ግን የምትፈራ» አልናቸው። ወደዱት። ከዚያ በኋላ በራሳቸው ስም ከምትጠራቸው እትዬ ስትላቸው ነው ቶሎ ዞር የሚሉት።

ሥራው እንዲህ ነው። መራመድ የማይችል መንገደኛ ካንዱ አውሮፕላን ወርዶ ሌላው እስኪነሳ አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። እትዬ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ኋላ ሆነው ታብሌታቸውን እያዩ ስም ይጠራሉ። የተጠራው እጁን ያነሳል፤ ካንዳችን ጋር ወደ መሳፈሪያው ጌት ይሄዳል። እሳቸው ምሳ ሲወጡ ታብሌቱን ለተረኛው ትተው ይሄዳሉ።

እኔን በሁለተኛው ሳምንት ነው ያወቁብኝ። ታብሌቱን ሰጡኝ፣ ገልብጬ ያዝኩት። አዩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራው የእኔ ሲሆን የሚጠሩትን ስሞች ቀስ ብለው ሁለት ሁለት ጊዜ በአፋቸው ነግረውኝ ነው የሚሄዱት። ለሰው አልተናገሩም። ቢናገሩ እባረር ነበር። ጆሮዬ ደግሞ ደህና ነው። አገር ቤት የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ፤ የስንት ነጋዴ ዕቃ የማን የማን እንደሆነ በቃሌ ይዤ ነው የማራግፈው። ስለዚህ እትዬ የነገሩኝን ስም አንድ ድምፅ ሳልጥል እይዘዋለሁ።

ችግሩም እሱ ነው። ስህተታቸውንም አልጥልም።

እትዬ የዚሁ የሲያትል አካባቢ ልጅ ናቸው። የፈረንሳይ ስም ሲያዩ እንደ እንግሊዝኛ ነው የሚያነቡት። ዣክ የሚባለውን ሰው «ጃኩዌስ» ይሉታል። ኢቭ የሚባለው «ዋይቭስ» ይሆናል፤ ቤኑዋ «ቤኖይት»። እኔም እንደ በቀቀን እደግማለሁ። የምኖርበት ሰፈር ዴ ሞይን ስሙ ከፈረንሳይ የመጣ ነው ይላሉ። መጨረሻው ላይ ያለችውን ኤስ ግማሹ ሰው ይላታል፣ ግማሹ ይውጣታል፤ በዚህ የተጣላ ሰው አላየሁም። እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም፤ የባቡር ጣቢያቸውን ስም ተቀብለን ለገሃር አድርገነዋል፤ አንድም ፈረንሳይ መጥቶ ያረመን የለም። ሰፈርና ጣቢያ ግን ስማቸው እስኪጠራ ቁጭ ብለው አይጠብቁም። ሰው ነው የሚጠብቀው።

አንድ ማክሰኞ የፓሪሱ አውሮፕላን እንደ ወትሮው እኩለ ቀን ላይ አረፈ። ከሴኔጋል የተነሱ አንዲት አሮጊት በፓሪስ በኩል መጥተው ወደ ስፖካን ይሄዱ ነበር፤ ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት። እትዬ ለምሳ ሲወጡ ስማቸውን ነገሩኝ። ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ ጠራሁ። ስድስት ሽማግሎችና አሮጊቶች ተቀምጠዋል፤ አንዱም አልተነቃነቀም። እጃቸው ላይ ያለውን ወረቀት አይቶ ማመሳከር ነበር ወጉ። እኔ ወረቀት አይቼ ምን ላደርግ? ታብሌቱ ላይ «አልተገኙም» የምትለዋን ቀይ ምልክት ተጫንኩ። ቀለም እለያለሁ። ሌላ ሰው ይዤ ሄድኩ።

አሮጊቷ እዚያው ነበሩ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቀጥ ብለው። አራት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። ሲገኙ አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። በምልክትም በምንም ያሉት «ስሜ እስኪጠራ እየጠበቅሁ ነው» የሚል ነበር። የስፖካኑ አውሮፕላን ሄዷል። ልጃቸው በዚያው ቀን ከሆስፒታል ወጥታ ሕፃኗን ይዛ ባዶ ቤት ገባች።

ቅሬታው በማግስቱ መጣ። ሱፐርቫይዘሩ ወጣት ነው፤ ሲቆጣም ድምፁን አያነሳም፤ እንዲህ ያለውን ነው እኔ የምፈራው። ሁላችንንም ሰብስቦ «ምን ተፈጠረ?» አለ። እኔ ባዶ ዊልቸር ይዤ ከኋላ ቆሜያለሁ።

እትዬ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ስሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ከእኔ አፍ ነው የወጣው።»

ማን እንደጠራ አልተናገሩም። ወደ እኔም አላዩም።

«ኦኬ» አለ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ ድምፁ ግን አንቺ የሚል ነበር። «ሦስት ሳምንት አይሻለሁ። ከፓሪሱ በረራ አንድ ሰው እንደገና ቢቀር ወደ ሻንጣ ክፍል ትዛወሪያለሽ።»

ሻንጣ ክፍል ቆሞ መዋል ነው። እትዬ ከባቡር ወርደው ወንበራቸው እስኪደርሱ ሁለት ቦታ የሚያርፉ ሴት ናቸው። ሻንጣ ክፍል ማለት በሌላ ቋንቋ ቤትሽ ግቢ ማለት ነው፤ ሁላችንም ገባን። ሊያወጣቸው የሚችል አንድ ቃል እኔ ጉሮሮ ውስጥ ነበር። ዋጥኩት። ቤተሰብ አለኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ፣ እያልኩ ለራሴ አወራሁ። ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም።

እሳቸው ምን አደረጉ? አላለቀሱም፣ አልተማረሩም። የምሳ ሰዓታቸው ሲደርስ ኮሪደሩን ወደምታጸዳው ሴት ሄዱ። ከኮትዲቯር ናት፤ ፈረንሳይኛ ትናገራለች። ሁለት ዓመት በሰላምታ ብቻ ነው የሚተዋወቁት።

«የፈረንሳይ ስም መጥራት አስተምሪኝ» አሏት። «በራስሽ ስም ጀምሪ።»

ልጅቱ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ሳቀች። «ማማን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜ ባልሆነ ስም ነው እኮ የምትጠሪኝ።» ማማን እማዬ እንደማለት ነው።

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«የተቀጠርኩት ወለል ላጸዳ ነዋ! አሜሪካኖችን ላርም ነው እንዴ?»

እኔ ሳንድዊቼን እየበላሁ እሰማ ነበር። እትዬ ፊታቸው ቀላ። ከዚያ ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡ። «በይ እንግዲያው፣ አሁን ቀጥሬሻለሁ» አሉ።

ትምህርቱን ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ በዓይኔ አይቻለሁ። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው የፈረንሳይ ስም የሚጠራበትን መንገድ ከዚያ ነው ያወቅሁት፤ የሚጠቅመው ካለ ይውሰደው።

መጀመሪያ መጨረሻው ላይ ያለውን ፊደል መተው ነው። «እሱ ሳሎን እንደተሰቀለ ጌጥ ነው፤ ይታያል እንጂ አይነካም» አለች ልጅቱ። አንዳንዱ ግን ይነካል፤ የትኛው እንደሆነ ደብተራቸው ላይ ጻፈችላቸው። እትዬ እጃቸው ታስሮ የተቀመጡ ያህል ከበዳቸው። የተጻፈን ነገር አይቶ አለማንበብ ለተማረ ሰው ጭንቅ ነው። እኔ ግን ማንበብ ስለማልችል አልከበደኝም፤ ባለማንበቤ የተጠቀምኩባት ብቸኛዋ ቀን እሷ ትመስለኛለች።

ቀጥሎ ዥ መጣች። ለኛ ምንም አይደለችም፤ ዥረት ያለ አፍ ዣክ አይከብደውም። እትዬ ግን ስም ሲጀምሩባት ጀ ትሆንባቸዋለች። ልጅቱ ደከማት። እኔ ከጥግ፣ ሳይጠሩኝ፣ «ቴሌቪዥን ይበሉ» አልኩ።

«ቴሌቪዥን።»

«ቴሌቪን ይጣሉት፣ የቀረውን ይያዙ።»

«ዥን… ዥን… ዣ… ዣክ!» ጠረጴዛውን በጥፊ መቱት። «ለካ አፌ ውስጥ ነበረች!»

ከዚያ ክብደቱ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የስሙን አናት በመዶሻ ይመታና ቀሪውን ይጥለዋል። ልጅቱ «አትምቺው ማማን። እኩል አራምጂው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ረገጥ አድርጊ» አለች። እትዬ አሰቡ። «ገባኝ፣ እንደ አውቶቡስ። ባንድ ፍጥነት ሄዶ ፌርማታው ላይ ቀስ ብሎ መቆም።» ከዚህ የተሻለ አስረድቶ የሚያውቅ አስተማሪ ካለ ይምጣ።

በአፍንጫ የሚባለው ድምፅ ሁለት ቀን ፈጀ። ን ልትል ተነስተህ ምላስህን ላንቃህን ሳታስነካ ትተዋለህ፤ ድምፁ በአፍንጫ ይወጣል። «ጉንፋን የያዘኝ መሰልኩ» አሉ። «ጎበዝ! ጉንፋኑን እንዳትለቂው» አለቻቸው። ከዚያ ደግሞ ኢ እያሉ ከንፈርን ለፉጨት ማሾል አለ። እትዬ ከንፈራቸውን አሹለው ኢ ሲሉ አንዱ የኛ ልጅ ዊልቸር እየገፋ አለፈ።

«እትዬ፣ ማንን ሊስሙ ነው?»

«አንተን አይደለም። ወንበርህን ግፋ!»

ር ላይ ግን አበዙት፤ አንገታቸው እስኪቀላ ጉሮሯቸውን ሞረዱት። ልጅቱ ጆሮዋን ይዛ «ንኪው ብቻ! ልትጉመጠመጪበት አይደለም» አለች። «በዚች ር የተነሳ አውሮፕላን ያመለጠው ሰው የለም።»

እትዬ የሚኖሩት ከሲያትል ወደ ሰሜን፣ ሾርላይን ነው። በየቀኑ ከዚያ እስከ ኤርፖርቱ በባቡር ሲመጡ ስሞቹን ጮክ ብለው ይለማመዳሉ። «ሰው አይሸሽዎትም?» አልኳቸው። «ይሸሻል እንጂ! ከሁለት ወንበር ወዲህ የሚቀርብ የለም። ቦርሳዬን ዘርግቼ እመጣለሁ።»

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ጀመሩ። መንገደኛው ክፍሉ ሲገባ ጎንበስ ብለው «ልሳሳት ነው፤ ያርሙኝ» ይላሉና ስሙን ይሞክራሉ። አንዲት የፓሪስ ወይዘሮ ዘጠኝ ጊዜ አረመቻቸው። ቆጥሬያለሁ። በዘጠነኛው ላይ ራሷን ነቀነቀች። እኔ አንዴ ሲያርሙኝ ሰው የምሰድብ ነኝ። እትዬ ዘጠኝ ጊዜ ጎንበስ ብለው ያን ጉልበት ይዘው ቆሙ። ሱፐርቫይዘሩ ይህን አይቶ ከለከለ። «ጊዜ ይፈጃል። ከታብሌቱ ብቻ ጥሪ።» ስለዚህ የቀራቸው ምላሳቸው ብቻ ሆነ።

መራራ ሰው ነኝ ብያለሁ፤ ካላልኩም አሁን ልበል። እዚህ አገር ስሜን ከሁለት ቆርጠው የፊቱን ቁራጭ ነው የሚጠሩት። መጀመሪያ አርም ነበር፣ በኋላ ተናድጄ ተውኩት። ምላሳቸው አይችልም ብዬ ነው ይቅር ያልኳቸው። እትዬን ሳይ ግን ሌላ ነገር ገባኝ፤ ይችላሉ። በስልሳ ምናምን ዓመት፣ በታመመ ጉልበት፣ በምሳ ሰዓት ይቻላል። ሌሎቹ አልፈለጉም እንጂ። ይህ አናደደኝ፤ እሳቸውን ደግሞ ከፍ አደረገብኝ።

አንድ ቀን ደብተራቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። «ያንተስ?»

«ተዉት» አልኩ።

«ተዉት ነው ስምህ?»

ሳልወድ ነገርኳቸው። መሃሉ ላይ ጠ አለበት። ጠ ለአሜሪካ ምላስ ከፈረንሳይ ር ይብሳል። ሳምንት ፈጀባቸው፤ ሲሏት የጠርሙስ ክዳን የተነሳ ይመስላል። ጠ ግን ጠ ናት። በዚያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የፊደል ክፍል አስገቡኝ አልኩ። ያሉት ሕፃናት ናቸው፤ በእንግሊዝኛ እየተንሾካሾኩ ሳቁብኝ። ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ጊዜ የታረመች ሴት አይቼ ምን ብዬ ልነሳ?

የሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ዓርብ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ራሱ መጣ። በሩ አጠገብ የራሱን ታብሌት አቅፎ ቆመ። ከፓሪስ አምስት ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ተቀምጠዋል። ልጅቱ የጸዳውን መስኮት እንደገና ታጸዳለች። እኛ አምስት ዊልቸር ይዘን ተሰልፈናል፤ እኔ መጨረሻ።

እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የመጀመሪያው ጊዮም የሚባል ነው፤ በፊት ቢሆን ስሙ ፍርስርሱ ይወጣ ነበር። ጠሩት። አንድ ሽማግሌ እጁን አነሳ። ሁለተኛዋ ማርጎ። ፊደሏ መጨረሻ ላይ ወጥመድ አለባት፤ እትዬ ሳይነኩት አለፉ። እጇን አነሳች። ሦስተኛው፣ አራተኛው። አራቱ ዊልቸር ወጣ።

አምስተኛው ዣን ፍራንሷ ነበር፤ የአባቱ ስም ደግሞ ባቡር ያህላል። እትዬ እኩል አራመዱት፣ መጨረሻው ላይ ቀስ ብለው ቆሙ።

እጁን ያነሳ የለም።

ግድግዳው ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ ወደ ኋላቸው ዞረው መስኮቱን ያያሉ። እትዬ እንደገና ጠሩ። አሜሪካዊ ካልሰማኸው ያንኑ ስህተት ጮክ አድርጎ ነው የሚደግምልህ። እትዬ አልጮሁም፤ የመጀመሪያውን እንዳሉ አሉት። ሽማግሌው አሁን ወደ ግራ ዞሩ። ሱፐርቫይዘሩ ጣቱን ታብሌቱ ላይ፣ ቀይዋ ምልክት አጠገብ አሳረፈ። የዊልቸሩ እጀታ በላቤ ተንሸራተተብኝ። ወደ ሻንጣ ክፍል የሚወስደው በር ከእኔ አሥር እርምጃ አይርቅም፤ እሳቸው በዚያ በር እያነከሱ ሲወጡ ታየኝ።

እትዬ ሦስተኛ ጠሩ።

ሽማግሌው በመጨረሻ ወደ ጠረጴዛው ዞሩና እትዬን አዩ። ጣታቸውን ወደ እሳቸው ቀስረው «ቩ?» አሉ። እርስዎ ነዎት እንዴ ማለታቸው ነው። ከዚያ ሁለት እጃቸውን አነሱና በፈረንሳይኛ ያወርዱት ጀመር፤ ማቆሚያ የለውም።

«ምን እያለ ነው?» አለ ሱፐርቫይዘሩ።

«እኔ ምኑን አውቄ» አሉ እትዬ። «የተማርኩት ስም ብቻ ነው።»

ልጅቱ ጨርቋን እንደያዘች ከመስኮቱ ዞረች፤ ሳቋን መያዝ አቅቷታል። «የምትጠራቸውን ፈረንሳዊት ከኋላቸው ሲፈልጉ ነው የቆዩት። አሁን ከየትኛው የፈረንሳይ ከተማ ነዎት እያሉሽ ነው ማማን።»

«ሾርላይን በዪው» አሉ እትዬ።

ሱፐርቫይዘሩ ሲስቅ ያን ቀን ነው ያየሁት። «ኦኬ» አለ። «ወንበሩ ያንቺ ነው። ስሙንም መጀመሪያ ጠይቂያቸው፤ ጊዜውን እኔ አገኝልሻለሁ።»

በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ሦስት ሳምንት የዋጥኩት ነገር ያኔ ወጣ። ሽማግሌውን ዊልቸሩ ላይ እያስቀመጥኩ፣ ቀና ሳልል፣ «ያን ማክሰኞ አሮጊቷን የጠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ወረቀታቸውን ማየት ነበረብኝ። አላየሁም፤ ማንበብ አልችልም።»

«የጠራኸው አንተ መሆንህን አውቃለሁ» አለ ሱፐርቫይዘሩ። «ታብሌቱ ማን እንደተጫነው ይመዘግባል። ስጠይቃት የስሙ ጥፋት የእኔ ነው፣ ሌላ ሰው የለበትም አለችኝ።» ታብሌቱን ዝቅ አደረገ። «ማንበብ አለመቻልህን ግን አላውቅም ነበር።»

እትዬ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ በዚያ ጉልበት። «ማን ጠየቀህ?» ጮሁብኝ። «አንተ ጅል! አሸንፌ ጨርሼ ነበር እኮ!» ቀጥለውም ስሜን ሙሉውን፣ ጠውን ሳይስቱ ጠሩኝና ሌላ ስድብ ጨመሩ። በዚህ አገር በሙሉ ስሜ ስሰደብ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለት ቀን ያለ ሥራ ተቀጣሁ፤ እንግሊዝኛ ማንበብ እስክማር ድረስም ስም ከመጥራት ታገድኩ፣ መግፋት ብቻ። ትክክል ነው። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ቀሩ፤ እሱም ትክክል ነው። ሰኞ ስመለስ ኩርፊያቸው አልበረደም፤ ሦስት ቀን ሰላም አላሉኝም። እኔም አልለመንኳቸውም። ቅጣቱ አልቆጨኝም። የሚቆጨኝ እሳቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ለእኔ ጥፋት ከንፈራቸውን አሹለው ኢ ሲሉ እኔ ከጥግ ሳንድዊች መብላቴ ነው።